ከሳጥኖቹ ፊት ያለው ወንበር

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው እንጀራዬን የበላሁት በፍርሃቴ ስለሆነ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ የሰው መኪና ውስጥ ስገባ፣ ቀበቶ ከማሰሬ በፊት ዞር ብዬ ከኋላዬ ምን እንደተጫነ አያለሁ። ልጄ ታፍርብኛለች። ባለፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የተሳፈርንበትን መኪና ሾፌር «ኋላ ያለው የጋዝ ሲሊንደር ታስሯል ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ማሚ፣ ፕሊዝ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሾፌሩ ሳቀ። ሲሊንደሩ አልታሰረም ነበር። ወርጄ ሌላ መኪና መፈለግ ጀመርኩ፤ እሷም እያጉረመረመች ተከተለችኝ።

ሥራሽ ምን ነበር ለሚለኝ ሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። ናይሮቢ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ በአንድ ኢትዮጵያዊ ጋራዥ ውስጥ የመሣሪያ ሳጥን መኪና ላይ የሚታሰርበትን የብረት ፕሌት እመርጥ ነበር። እንዲህ ሲባል ለራሴም ሥራ አይመስለኝም። ግን ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ ዓመታት፣ የሞባይል ስልክ ማማ በየኮረብታው የሚተከልበት ጊዜ ነበር። ማማውን የሚተክሉት፣ ጄኔሬተሩን የሚጠግኑት ቴክኒሻኖች መሣሪያቸውን በቫን ጭነው አገሩን ያካልላሉ። አዲስ ዓይነት ሳጥን መጣላቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረደር፣ ሲደረደርም ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ። ከሁሉ ሥር ያለው ሳጥን ደግሞ የመኪናው ወለል ላይ በብሎን በታሰረ ፕሌት ላይ ይቆለፋል። ከሳጥኑ ጋር አብሮ የሚመጣው ፕሌት ፕላስቲክ ነው። ለደህና አስፋልት ይሆናል፤ ለእኛ መንገድ አይሆንም። ስለዚህ ብረት ያስፈልጋል፤ ብረቱን የሚመርጥ ሰውም ያስፈልጋል።

በእነዚያ ቫኖች ውስጥ ሾፌሩንና ዕቃውን የሚለይ ግድግዳ የለም። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ፕሌቱ ከለቀቀ፣ የተደረደረው ሳጥን ከነመሣሪያው ወደ ፊት ይመጣል። ፊት ያለው የሰው ማጅራት ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ያንን ማጅራት እያሰብኩ ነው።

ናይሮቢ የመጣሁት ወረቀቴ ሳያልቅ፣ ዛሬ ተያዝኩ ነገ ተያዝኩ እያልኩ ነበር። ካሳራኒ ሰፈር ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይቼ፣ ጠዋት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ከተማ እየወረድኩ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሰሃን አጥብ ነበር። ምግብ ቤቱ ምሳ የሚልክላቸው ደንበኞች ነበሩት። አንዱ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ መኩሪያ ነው። አንድ ቀን ምሳውን ይዤ ስገባ፣ ግቢው መሃል የመኪና ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ሠራተኛው ሁሉ ከሥሩ ይመላለሳል። እኔ በግድግዳው ጥግ ጥጉን ይዤ፣ ዙሪያውን ዞሬ፣ ጫማዬን ዘይት አስነክቼ ደረስኩ።

«ለምን ዞርሽ?» አለኝ፣ ምሳውን ሳይቀበለኝ።

«ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ሰንሰለቱ እኮ አዲስ ነው።»

«መንጠቆውን አላየሁትም።»

ከዚያ ከወገቡ ወደ ኋላ ተለጥጦ ወደ መንጠቆው አንጋጠጠና ሠራተኞቹን ከሥሩ ዞር እንዲሉ አዘዘ። ለእኔ «ሰኞ ነይ» አለኝ። ደመወዙ ከሰሃን አጠባው ትንሽ ይሻላል፤ የሥራ ፈቃዴንም እሱ ጨረሰልኝ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከወገቡ የተለጠጠው አንገቱ ስለማይታጠፍ ነው። ሰው ከጎን ሲጠራው ከነትከሻው ነበር የሚዞረው። አገር ቤት ሳለ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር፤ አንድ ቁልቁለት ላይ ከኋላው የተቀመጠ የመሣሪያ ሳጥን መጥቶ አገኘው። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ብሎንና ዳዶ እየለየ፣ ቀና ሳይል። «ድምፁን አልሰማሁትም» አለኝ። «ከኋላ የሚመጣ ነገር ድምፁ የሚሰማው ከመታሽ በኋላ ነው።» ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ መቀመጥ አቃተኝ። ምግብ እንኳ ግድግዳ ተደግፌ ነበር የምበላው።

አንድ የማይተወው ልማድ ነበረው። ሥራው ያለቀ ቫን ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ሳጥኖቹን አሮጌ ብረት ያስሞላል። አንዱን ሠራተኛ እንዲነዳ ያደርግና እሱ ከሾፌሩ ጎን፣ ጀርባውን ለሳጥኖቹ ሰጥቶ ይቀመጣል። መኪናው ግቢውን ይዞራል፤ ጋሽ መኩሪያ «አሁን» ሲል ሾፌሩ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ይረግጣል። «አሁን» ከማለቱ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል።

«አንተ ለምን ትቀመጣለህ? አንድ ከረጢት አሸዋ ወንበሩ ላይ ብናስቀምጥ አይበቃም?» አልኩት አንድ ቀን።

«አሸዋ አይፈራማ» አለኝ። «የማይፈራ ነገር ሲቀመጥበት ብሎን የሚያስር ሰው እጁን ያላላል።»

እኔን ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝም እግሬ እሺ አይለኝም ነበር።

ፕሌት መምረጥን ሲያስተምረኝ መጀመሪያ ያስተወኝ ውፍረትን ማመን ነው። ደንበኛ ሁሉ ወፍራም ብረት ይወዳል። የላቪንግተን ነዋሪ የሆኑ፣ ጄኔሬተር የሚያከራዩ አንዲት ሴትዮ ከሁሉ የወፈረውን ፕሌት ራሳቸው ገዝተው ይዘው መጡ። ሳጥኑን ስናስቀምጥበት ቀጭ አለ፤ ደስ አላቸው። ጋሽ መኩሪያ ጣቱን ከመቆለፊያው ሥር ሰደደና «ግማሽ ነው» አለ። የፕሌቱ ከንፈር ስለወፈረ የሳጥኑ ምላስ እስከ መጨረሻው አልገባም። የተቆለፈ ይመስላል፣ ድምፁም የመቆለፍ ነው፤ ግን አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ ቀጭ የሚል ድምፅ አያረጋጋኝም። ዛሬም የቤቴን በር ቆልፌ እጀታውን ደጋግሜ ሳልጎትት አልሄድም።

ብረት ሻጮቹ ጋ ስሄድ ፕሌቱን በጫፉ አንጠልጥዬ በጣቴ አንጓ አንኳኳዋለሁ። ደህናው ይጮሃል፤ ጩኸቱም ቶሎ አይሞትም። ሁለት ስስ ላሜራ ደርበው ቀለም የቀቡት ድፍን ድምፅ አለው። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙሬ በጠርዙ አየዋለሁ፤ ጠማማ ፕሌት በብሎን ሲጎተት የተስተካከለ ይመስላል፣ ወለሉን ግን እየጎተተ ይኖራል። ቀዳዳው በእሳት የተበሳውን እመልሳለሁ፣ በትራፓኖ የተበሳውን እወስዳለሁ። ለሞምባሳ መኪና ዚንክ ውስጥ የተነከረ ካልሆነ የባሕሩ አየር ይበላዋል። የቫኑ ወለል ራሱ ስስ ስለሆነ፣ ከመኪናው ሥር ሌላ ደጋፊ ብረት ያስፈልጋል፤ በሮንዴላ፣ በስስ የብረት ቀለበት ብቻ የታሰረ ብሎን ወለሉን እንደ ወረቀት ቀዶት ይወጣል። ሻጮቹ በስዋሂሊ «ማማ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልታገቢው?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሳላንኳኳ ግን አልገዛም።

ከሁሉ የምፈራው እጥፋቱን ነበር። የሳጥኑ ምላስ የሚያርፍበት የፕሌቱ ጠርዝ ታጥፎ ነው የሚሠራው። ግትር ብረት ሳይሞቅ ከታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትጀምራለች። ቀለም ሲቀባ አትታይም። ጋሽ መኩሪያ ቀለሙን ይፍቅና እጥፋቱን በጨርቅ ነጭ ጋዝ ይቀባዋል። ቆየት ብሎ ድርቅ እስኪል ይጠርገዋል፤ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰንስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ቀስ እያለ ጠመኔውን ያረጥበዋል፤ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ያ መስመር ይወጣ ይሆን እያልኩ ሁልጊዜ አፍጥጬ እቆማለሁ።

ጠመኔ ከኪሱ አይጠፋም። ሥራም የሚያዘው በጠመኔ ነው። ደንበኛ እንዳያነበው ብረቱ ላይ በአማርኛ ይጽፋል፤ «ይበየዳል»፣ «ይቆረጣል»፣ «ይቀባል»። የጋራዡ ሰው አንብቦ የተጻፈውን ይሠራል። ለዓመታት በዚህ ችግር አልገጠመንም።

ፕሌቶቹን የምትገጥመው ሰላማዊት ነበረች፤ ሰላም እንላታለን። ሳውዝ ሲ ሰፈር ያደገች፣ የቴክኒክ ትምህርቷን እዚሁ የጨረሰች፣ እጇ የታመነ ሴት ነች። አማርኛዋ የእናቷ ነው። ፊደል የቆጠረችው በቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤት ስለሆነ ቀስ ብላ ታነባለች እንጂ አትሳሳትም።

ጆሴፍ ደግሞ ደንበኛችን ነው። ጄኔሬተር ጠጋኝ፣ ዝምተኛ፣ ሲመጣ ሁልጊዜ ለእኔ ሙዝ የሚያመጣ ሰው። አንድ ሰሞን ቫኑን አዲስ ሳጥን ሊያስገጥምበት ሰጠን። ሚስቱ ዋንጂኩ የመውለጃዋ ጊዜ ደርሶ ነበር። ናይቫሻ እናቷ ዘንድ ሊያደርሳትና ከዚያ ወደ ሥራው ሊያልፍ አስቧል። መንገዱ በሊሙሩ በኩል ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ያንን ቁልቁለት የማያውቅ የናይሮቢ ሰው የለም፤ ፍሬን የከዳው ከባድ መኪና ገደሉ ውስጥ ማየት የተለመደ ነው።

ጠዋት ሰላም ፕሌቱን ቦታው ላይ አስቀምጣ ብሎኖቹን በጣቷ ብቻ አስገባችና ሌላ ዕቃ ልታመጣ ወጣች። እኔ በዚያ መሃል ከዚያው ጭነት የመጣ ሌላ ፕሌት አንስቼ እጥፋቱን ፈተንኩ። ነጩ ላይ ጥቁሩ መስመር ወጣ። ከዳር እስከ ዳር። ሌላም ፈተንኩ፤ ያው ነው። ጋሽ መኩሪያን ጠራሁት። አየና ወደ ጆሴፍ ቫን ሄደ፤ የተቀመጠውን ፕሌት በጠመኔ «ይጠብቃል» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ሁለታችን በፒክአፑ ሌላ ፕሌት ፍለጋ ወጣን።

ስንመለስ አዲሱ ፕሌት ጭኔ ላይ ነው። ቫኑ የቆመበት ቦታ ባዶ ሆኖ አየሁት።

«የጆሴፍ መኪናስ?» አልኳት ሰላምን፣ ገና ሳልወርድ።

«ወሰደው እኮ፣ እትዬ ወይንሸት» አለች እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «ሚስቱ አሟት ስለነበር ቸኮለ። ብሎኖቹን አጥብቄ፣ ኤቭሪቲንግ ጨርሼ ነው የሰጠሁት። ፍሬኑንም ራሴ ተቀምጬ ሞከርነው። ይዟል።»

«ማን ስጪው አለሽ?»

«ጋሼ ጽፎበት ነበር እኮ። ይጠብቃል ይላል።»

«ብ»ን አላልታ ነው ያነበበችው። ያኔ ነው የገባኝ። ጋሽ መኩሪያ «ብ»ን አጥብቆ ነው የጻፈው፤ ይቆያል፣ አይነካም፣ እስክንመጣ ይጠብቃል ማለቱ ነው። እሷ ደግሞ በጣት የገቡ ብሎኖች አየች፣ «ይበየዳል»፣ «ይቀባል» ሲባል የኖረበት ግቢ ውስጥ ናት፤ ብሎኑ ይጠብቃል ብላ አነበበች፤ ትክክል ነበረች። ፊደሉ አንድ ነው። ፊደሏ ስትጠብቅ መኪናው ይቆማል፤ ስትላላ ብሎኑ ይጠብቃል። ስንጥቅ ያለበት እጥፋት ደግሞ በመጀመሪያው ፍሬን አይለቅም። እየተከፈተ ይቆይና በአንዱ ነው የሚለቀው።

ሰላም ከፊታችን አነበበችው መሰለኝ። «ምንድን ነው? ምን አደረግኩ?» አለች።

ደወልኩለት። የማሽኗ ሴትዮ «ደንበኛው አይገኝም» አለችኝ። ናይሮቢ ስልኩ የማይሠራ ሰው «ምቴጃ ነው» ይባላል፤ የሴትዮዋ የመጀመሪያ ቃል ስለሆነ ነው፤ በቀልድ ነው የሚባለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቃሉ አስቆኝ አያውቅም።

ሦስታችንም ፒክአፑ ላይ ወጣን። ጋሽ መኩሪያ ይነዳል፤ አንገቱ ስለማይዞር መስቀለኛ መንገድ ላይ በግራ በኩል የማይለት እኔ ነኝ። ሰላም መሃላችን ናት። አዲሱን ፕሌት ከጭኔ ማውረድ ትዝ አላለኝም። ኡሁሩ ሀይዌይ ላይ መኪናው ተጠጋግቶ ቆሟል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር። ጆሴፍ ፍሬን ይይዛል፤ እጥፋቱ በትንሹ ይከፈታል። ማታቱ ይገባበታል፤ እንደገና ይይዛል፤ ይከፈታል። ከፊታችን የሚበራ እያንዳንዱ ቀይ መብራት የእሱ ፍሬን መሰለኝ። ዋንጂኩን አንድ ጊዜ ነው ያየኋት፤ ቢጫ ሻሽ አስራ ነበር። ከሾፌሩ ጎን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ ታየኝ፤ ከሻሿ ሥር ማጅራቷ ታየኝ። ደወልኩ፤ ምቴጃ። ደግሜ ደወልኩ።

ሰላም ቃሉን ለራሷ ትለው ነበር፣ አንዴ አጥብቃ፣ አንዴ አላልታ። «እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ጽሑፉ የኔ ነው» አላት ጋሽ መኩሪያ። «አንቺ የተጻፈውን ነው ያነበብሽው። አሁን ዝም በሉ፣ መንገዱን ልይበት።»

ከሊሙሩ በኋላ ጭጋግ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር አንድ ጭነት መኪና ገደሉ አፍ ላይ ተጋድሞ አየን፤ የቆየ ነው፣ ዝጓል። ጋሽ መኩሪያ ራሱ ፍሬኑን በረገጠ ቁጥር ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። እሱም የኋላውን እየጠበቀ ነበር፤ ከኋላችን ምንም አልተጫነም። እግዚአብሔርን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ እስክንደርስ መንገዱ ይክፈትለት፣ ማንም አይግባበት፣ ፍሬን የሚያሲዘው ነገር አይምጣ።

ገበሬዎቹ ድንችና ፕሪም የሚሸጡበት የቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ቫኑን አየሁት። አልተገለበጠም። መንገዱን በአፍንጫው ይዞ አግድም ቆሟል፤ በሩ ተከፍቷል። ጆሴፍ ጣራውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሳይቆም ከፒክአፑ ወርጄ ወደ ቫኑ ሮጥኩ።

ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር መደገፊያው ወደ ፊት ታጥፏል። መቀመጫው ላይ ከላይ የነበረው ሳጥን ተቀምጧል፣ ሰው እንደሚቀመጥ ቀጥ ብሎ። ሌላው በሁለቱ ወንበሮች መሃል ወድቋል። ዋንጂኩ የለችም።

«የት ነች?» አልኩት። በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት አላውቅም።

ጆሴፍ አገጩን ወደ መንገዱ ማዶ ቀሰረ። ቢጫ ሻሽ አየሁ። ከአንዲት ሻጭ ጃንጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ አንድ ላስቲክ ፕሪም አለ። መሬት ላይ ዘፍ ብዬ አለቀስኩ።

ፕሪም አምሯት ወርዳ ነው። እሱ ለጭነት መኪና መንገድ ሊለቅ ቫኑን ትንሽ ወደ ፊት ሲያስጠጋ አህያ ገባችበት። «በእርምጃ ነበር የምነዳው» አለ በስዋሂሊ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «በእርምጃ። እግሬን አሳረፍኩ እንጂ አልረገጥኩም።»

ጋሽ መኩሪያ ከኋላ በኩል ገባ። እጥፋቱ እንደ ፖስታ ተከፍቷል፣ በዚያው መስመር። ብሎኖቹ አንዳቸውም አልተነቃነቁም፤ ሰላም በደንብ ነው ያጠበቀቻቸው። ጽሑፉ ግማሹ ተፍቆ ግማሹ እዚያው አለ። ጆሴፍ በጣቱ ነካው።

«ይሄ ምን ይላል?»

ላስረዳው ፈለግኩ፣ ስዋሂሊዬ ከዳኝ። ጋሽ መኩሪያ ነው የመለሰው። «ይቆይ ይላል» አለው።

ጆሴፍ ጠመኔውን ከጣቱ ላይ በሱሪው ጠረገ። «በማነበው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ እቆይ ነበር» አለ።

ሳጥኖቹን ወደ ፒክአፑ ጫንን። ዋንጂኩ ቫኑ ውስጥ አልገባም አለች፤ በማታቱ ወረደች፣ እሱ ባዶውን መኪና ይዞ ተከተላት። እኔ ይቅርታ ልላት ጠጋ ስል ላስቲኩን ወደ ደረቷ ሰብስባ ፊቷን አዞረች። ፈርታኝ ነው። በሕይወቴ ሰው እኔን የፈራበት ቀን ያ ብቻ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴን እሸፍናለሁ።

ሳጥኖቹን ሌላ ሰው ልኮ አስወሰደ። ጆሴፍ እኛ ጋ አልመጣም። ጋሽ መኩሪያ ደውሎለት ነበር፤ ጆሴፍ በትሕትና አመስግኖ ዘጋው። ከዚያ በኋላ በጋራዡ በአማርኛ መጻፍ ቀረ። የማይወጣ መኪና ቁልፉ ከጋሽ መኩሪያ አንገት ላይ በገመድ ይንጠለጠል ጀመር። ሰላም ሥራ ልትለቅ ነበር፤ እሱ ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። «ከዛሬ ጀምሮ እጥፋቱን የምትፈትኚው አንቺም ጭምር ነሽ» አላት። እኔ ዘወትር አንዱን እጥፋት ስፈትን እሷ ከኋላዬ ትደግመዋለች። ወንበሩ ላይ መቀመጡንም ጋሽ መኩሪያ ሲያረጅ የወረሰችው እሷ ነች። እሱ ካረፈ ቆየ፤ አስከሬኑ አገር ቤት ገባ። ጋራዡን የያዘችው ሰላም ናት። እኔ መርጬ እሰጣለሁ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ሁልጊዜ መጋዘን እገባ ነበር። ድምፁን እንኳ አልሰማም፤ ጆሮዬን እይዛለሁ።

የመጨረሻዎቹ የሥራ ሳምንቶቼ ላይ ነው። ፕሌት አሁን በማሽን ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ በካርቶን የሚመጣበት ዘመን ነው። እኔ መሰናበቻዬን እያሰብኩ መደርደሪያ ስጠርግ አንድ ቫን ገባ። የምትነዳው ወጣት ሴት ናት። ከጎኗ የወረደው ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሙዝ ይዟል።

«ማማ» አለኝ።

እጄ ላይ የነበረው ጨርቅ ወደቀ። ጆሴፍ ነው።

«ልጄ ናት፣ ንጄሪ» አለኝ። «ኤሌክትሪሺያን ሆናለች። የመጀመሪያ መኪናዋ ነው። ፕሌቱን አንቺ ምረጪላት።»

ልጅቷ እጅ ነሳችኝ። ያኔ በሆድ የነበረችው ናት። አንገቷ ረጅም ነው፣ የእናቷ። ከማጅራቷ ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

ካርቶን ውስጥ ካሉት ፕሌቶች አንዱንም አላመንኩም። ሁሉንም አንኳኳሁ። ሁሉንም ወደ ብርሃን አዞርኩ። የመረጥኩትን ቀለሙን ስፍቅ ሰላም «እትዬ፣ ዋራንቲው ይበላሻል» አለችኝ፤ ግን ነጩን ጋዝ ራሷ አመጣችልኝ። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ነጭ ነው። ሰላም ገጠመችው፣ ሳጥኖቹን አሮጌ ብረት ሞላቻቸው። እንደ ልማዷ ወደ ፊተኛው ወንበር ስትሄድ ጆሴፍ አስቆማት።

«እሷ ትቀመጥ» አለ፣ ወደ እኔ እያየ።

«እትዬ ፈሪ ናት እኮ» አለችው ሰላም። «ተቀምጣ አታውቅም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ለዚያ ነው።»

ንጄሪ መሪውን ይዛ ትጠብቃለች። እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም፤ ሰላም ክንዴን ይዛኝ ነበር መሰለኝ። በሩ ተዘጋ። ከኋላዬ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ራሴ ነኝ የመረጥኩት፤ ግን ጀርባዬ ላይ ላብ ይወርዳል። ንጄሪ ግቢውን ዞረች። «አሁን» ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ። ቃሉ አልወጣ አለኝ። እንደገና ዞረች። ጆሴፍ ግድግዳው ሥር ቆሞ እጆቹን አጣምሮ ያየኛል። ልጅቷ ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ምን እንደነበር አልነገሯትም ማለት ነው። እንደገና ዞረች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አሁን።»

ፍሬኑን ረገጠችው። ወደ ፊት ሄድኩ፣ ቀበቶው ደረቴን ያዘኝ፣ ግንባሬ ወደ ታች ወረደ፣ ማጅራቴ ባዶውን ቀረ። ከኋላ የሚመጣ ነገር ድምፁ የሚሰማው ከመታ በኋላ ነው ብሎኝ ነበር። ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። የሰማሁት የኋላው በር ሲከፈት ነው። ሰላም እጇን ከሳጥኑ ሥር ስታስገባ፣ እጥፋቱን ዳር እስከ ዳር ስትዳብስ ሰማኋት።

«ጠብቋል» አለች፣ «ብ»ን አላልታ።

ጆሴፍ መጥቶ በሬን ከፈተልኝ። እጁን ዘረጋልኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። እኔ እጀታውን እንደያዝኩ ነኝ፣ ጣቶቼ አንላቀቅ ብለውኛል። ወደ ንጄሪ ዞርኩ።

«ድገሚው» አልኳት።